የጎበጠው የሽንኩርት መደብ

ሰፈር ውስጥ ግንበኛውን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ቱንቢ ነው የሚባለው። ቱንቢ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚለኩባት፣ በገመድ ጫፍ የምትንጠለጠል ሾጣጣ ብረት ናት፤ እሱም ከኪሱ ለይቷት አያውቅም። ሰው ቤት በእንግድነት ሲጠራ እንኳ ከመቀመጡ በፊት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የግድግዳውን ማዕዘን ያያል። ካልጣመው ከንፈሩን ይመጥጣል እንጂ ምንም አይልም። ባለቤቶቹ ግን ከዚያ በኋላ እህል አይዋጥላቸውም።

የራሱን ቤት የሠራው በገዛ እጁ ነው። ከአስፋልቱ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ። ሁለት ክፍልና ኩሽና፣ ከኩሽናው ጀርባ ደግሞ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ጓሮ። አፈሩ እንዳይናድ በጓሮው የታችኛው ጫፍ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ግንብ ገንብቷል። ከግንቡ ሥር የፀጉር አስተካካዩ ግቢ ነው። ሰውዬው ከሚስቱ፣ ከሁለት ልጆቹና ከአሮጊት እናቱ ጋር እዚያው ይኖራል፤ ፀጉር ቤቱም ከግንቡ ጋር ተጣብቆ የቆመ ነው።

ይህን የማውቀው ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ነው። ቤት ውስጥ የሆነውን ግን የነገረችኝ የቱንቢ ሚስት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ስትሰፋ ዕድሜዋን የጨረሰች፣ አፏ ከመቀሷ የማይተናነስ ሴት።

ቱንቢ ጡረታ የወጣው ጉልበቱ እምቢ ብሎት ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ቤት ተቀምጦ አሳለፈው። ዝናቡ ያለ ልክ ዘነበ፤ ሰማዩ የተቀደደ ነበር የሚመስለው። እሱ የስፌት መኪናዋን እግር በግንበኛ ውሃ ልክ እየለካ ያስተካክላል፤ የሰሃን መደርደሪያውን ፈትቶ ይገጥማል፤ ጨርቅ ስትቆርጥ ከኋላዋ ቆሞ «ወደ ግራ ሄደሻል» ይላታል።

አንድ ቀን መቀሷን አስቀመጠችና «ፀሐይ ትውጣ ብቻ» አለችው። «ጓሮውን እንዳለ እሰጥሃለሁ። የፈለግከውን ትከልበት። እኔን ግን ልቀቀኝ።»

ጸደይ ገባ። ምድሩ ለስልሶ፣ አየሩ ሞቅ ብሎ፣ ቱንቢም እንደ አዲስ ሙሽራ በጠዋት እየተነሳ ጓሮ መውጣት ጀመረ። ድንጋይ ለቀመ፣ አፈሩን ገለበጠ፣ ፍግ ቀላቀለ። ከዚያ ካስማ ተክሎ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጠረ። በሲባጎው ሥር የሽንኩርት ችግኝ በመስመር ደረደረ። ከሽንኩርቱ በታች ካሮት፣ ከካሮቱ በታች ሰላጣና ቆስጣ፣ ከዚያ ቲማቲም፤ ወደ ግንቡ ተጠግቶ ደግሞ ናና፣ በሶብላ፣ ድንብላልና የጥብስ ቅጠል። ሚስቱ በኩሽናው በር ብቅ ብላ አየችውና ሳቋ መጣ።

«ሽንኩርት እኮ ግድግዳ አይደለም፣ አንተ ሰው! ጠመም ቢል የሚከስህ የለም።»

«ጠማማ ተክዬ ጠማማ ልብላ?» አላት ቀና ሳይል።

ችግኙ ያዘ። ሽንኩርቱ እንደ ተሰለፈ ወታደር ቀጥ ብሎ ወጣ። ያን ሰሞን ቱንቢ ያገኘውን ሁሉ ክንዱን ይዞ ወደ ጓሮ ይወስድ ነበር። እኔንም ወስዶኛል። «በአንድ ዓይንህ እይ» አለኝ። አየሁ። እውነትም ከዚህ ጫፍ የቆመ ሰው የሚያየው አንድ ሽንኩርት ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከኋላው ተደብቋል።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሊያርም ወጥቶ የሽንኩርቱ መስመር መሐል ላይ ወደ ታች ጎበጥ ብሎ አገኘው። ብዙ አይደለም፤ የላላ ገመድ ያህል። ዳርና ዳሩ ካስማው ሥር እንደ ነበረ ነው።

«ማነው የገባው?» ብሎ ጮኸ።

«ማን ይገባል?»

«ድመቷ ናት። የፀጉር ቆራጩ ድመት።»

«ድመት ሽንኩርት ነቅላ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋ መልሳ ትተክላለች?» አለች ሚስቱ። «እንዲህ ያለች ድመት ካለችማ ስፌት አስተምራታለሁ።»

አልሳቀም። ሲባጎውን መልሶ ወጠረ፤ የጎበጡትን አንድ በአንድ ነቅሎ በመስመሩ አቆማቸው። ሥራቸውን በአፈር ሲያለብስ ጣቶቹ ከወትሮው ጠንክረው ይጫኑ እንደ ነበር ሚስቱ ታስታውሳለች።

ከዚያ የኩሽናው በር እምቢ አለ። ከላይ በኩል ከጉበኑ ጋር ይያዛል፤ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። «እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው» ብሎ አውልቆ ላገው። ጥቂት ቀን ሰነበተና እንደገና ያዘ። እንደገና ላገው። ሚስቱ የወደቀውን ፍቅፋቂ እየጠረገች፣ ክረምቱን ሙሉ በደህና የተከፈተ በር በፀሐይ ወቅት እንዴት ውሃ ይጠጣል ስትል አሰበች። ዝም አይነቅዝም ብላ መጥረጓን ቀጠለች።

ጓሮው ግን ያምር ነበር። እንዲያውም ከልክ በላይ። ናናው ዓይን እያየው ያድጋል፤ በሶብላው ቅጠሉ መዳፍ አከለ። ሌላው ሰው ጠዋትና ማታ ውሃ ሲያመላልስ የቱንቢ ጓሮ ውሃ ሳይጠጣ ይለመልማል። የሰፈሩ ሴቶች ሰላጣ ለመውሰድ ሲመጡ «እጅህ በረከት አለው» ይሉታል። ሚስቱ ናና ልትቀጥፍ ባዶ እግሯን የወረደች ቀን ግን ፀሐይ አናት ላይ ሆና ሳለ የረገጠችው አፈር እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዘቀዛት። እግሯን ስታነሳ ዱካዋ ቀስ ብሎ በውሃ ሞላ። ከናናው ሥር እንቁራሪት ዘለለች። በዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ እንቁራሪት አይታ አታውቅም።

በቲማቲሙ መደብ ላይ ደግሞ ስንጥቅ ነበር። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ። ቱንቢን ጠርታ አሳየችው።

«ምድር ሲደርቅ ይሰነጠቃል።»

«እዚያ ታች ጭቃ ነው። ምኑ ደረቀ?»

ፍግና አፈር አምጥቶ ስንጥቁን ሞላውና በእግሩ ጠቀጠቀው። በማግስቱ የሞላው ሁሉ የለም፤ ስንጥቁም ጣት ያስገባል። እሱ ወደ ሱቅ ሲወጣ ጠብቃ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ ብላ አፈሰሰችበት። መሬቱ ባልዲውን ሙሉ ያለ ድምፅ ዋጠው። ተንበርክካ ጆሮዋን ሰጠች። ምንም። «ወዴት እንደ ሄደ አለማወቄ ነው ያስፈራኝ» ትላለች።

ሲመለስ ነገረችው። «ሰው አምጣና አሳይ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«እኔ ምንድን ነኝ? ሰው አይደለሁም?»

«ሌላ ሰው ማለቴ ነው።»

«በዚህ ግቢ ውስጥ ያለች ድንጋይ ሁሉ በእጄ ያለፈች ናት» አለ። «የት እንደ ተቀመጠች አውቃለሁ። ሌላ ሰው ምን ይነግረኛል?» ሽንኩርቱም በዚያው ሰሞን መልሶ ጎብጦ ነበር፤ ይህን ጊዜ የፈገግታ ቅርፅ ይዞ። ቱንቢ ሲባጎውን ይዞ ወጣ። ሚስቱ በበሩ ቆማ «የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» አለችው።

ልጃቸው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ከተማው ሜዳ ላይ፣ ፎቅ ተከራይታ ትኖራለች። እሑድ መጥታ ከጓሮው በተቀጠፈ ሰላጣና ቲማቲም ምሳ በሉ። ከምሳ በኋላ ጓሮ ወረደችና መደቦቹን አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። ተመልሳ ስትገባ ፊቷ ተለውጧል።

«አባዬ፣ መሬቱ እየሄደ ነው።»

«ወዴት ይሄዳል? እግር አለው?»

«የበሩን ጉበን አይተኸዋል? የመኝታ ቤቱስ ግድግዳ? አልጋው ራስጌ ላይ መሥመር አለ። ባለፈው አልነበረም።»

«ልስን ነው። ልስን ይሰነጠቃል።»

«ሰው ቤት ሄደህ ብታየው ልስን ነው ትላለህ?»

ይኼን ጊዜ ቱንቢ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ብርጭቆው ዘለለ። «ይህን ቤት ማን ሠራው? አንቺ በማን ግድግዳ ውስጥ ነው ያደግሽው? ክረምት በመጣ ቁጥር የሰው ቤት ሲፈርስ ያንቺ አንዲት ጠጠር ወድቃ ታውቃለች?»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ እኔ ጋ ነይ። ለጥቂት ቀን።»

«እሱን ትቼ የት አባቴ እሄዳለሁ» አለች እናቷ። ልጅቷ ስትወጣ በሩ ተያዘባት፤ አባትየው ተነስቶ በትከሻው ገፍቶ ከፈተላት። ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

በሳምንቱ ውስጥ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ላይ መጣ። ተጫዋች ሰው ነው፤ ሰው ሳያስቅ ፀጉር አይቆርጥም።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ ልልህ ነው የመጣሁት።»

«በምን?»

«ግንብህ አርግዟል። ሆዱ ገፍቷል። መቼ እንደሚወልድ ብታውቅ ብዬ ነው፤ የፀጉር ቤቴን መስተዋት ላነሳ።»

ቱንቢ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ቱንቢውን ከኪሱ አውጥቶ ተከትሎት ወረደ። ሚስቱ ከላይ፣ ከበሶብላው አጠገብ ሆና ታያለች። ግንቡን ከሥር ቆሞ ተመለከተው። ድንጋዮቹ መሐል ላይ ወደ ፀጉር ቤቱ ተገፍተዋል። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚሄደው ስሚንቶ እንደ ደረቀ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። መሰላል አስደግፎ ወጣና ገመዱን ከግንቡ አናት ለቀቀው። ብረቷ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘችና ረጋች። ቱንቢ ከመሰላሉ ወረደ፤ በብረቷና በግንቡ ሥር መካከል ያለውን ክፍተት ለረጅም ጊዜ አየ። የፀጉር አስተካካዩ እናት ግንቡን ተደግፈው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«እህስ ጋሼ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ቱንቢ ገመዱን በጣቱ ላይ መጠምጠም ጀመረ። «ልክ ነው» አለ። «ድሮም ትንሽ ሆድ ነበረው።»

ሚስቱ ከላይ ሰማችው። በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ልክ ነው ሲል ልክ ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም። ግን የጠመጠመውን ገመድ ፈትቶ እንደገና ጠመጠመው፤ ያንን ሲያደርግ ደግሞ ከዚያ በፊት አላየችውም።

ራት ቀረበ። አልበላም። ቆስጣውን በማንኪያ እያገላበጠ ተቀመጠ።

«ስንት ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ያጋደለው።»

መዳፉን ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አቆመ፤ ሌላውን መዳፍ ከአጠገቡ፣ የመጀመሪያውን መልሶ ከዚያ ወዲያ እያደረገ ጠረጴዛው ላይ ለካላት። እጁ በተራመደ ቁጥር ሚስቱ ትቆጥራለች።

«ታዲያ ለምን ልክ ነው አልከው?»

«አፌ ነው ያለው» አለ። «እኔ አላልኩም።»

«ልጆቹ እዚያ ተኝተዋል።»

«ነገ» አለ። «ነገ ቀዳዳዎቹን እከፍታለሁ። ውሃው ከወጣ ይቀላል።»

ይህ የቀዳዳ ነገር እንዲህ ነው። ከግንብ ጀርባ የሚጠራቀም ውሃ የሚፈስበት ቀዳዳ ከታች ይተዋል። በዚያ ክረምት ከቀዳዳዎቹ የሚወርደው ውሃ የፀጉር ቤቱን በር ጭቃ እያደረገ ደንበኛ ሲያሸሽበት ፀጉር አስተካካዩ ለመነው፤ ቱንቢም ለጉርብትና ብሎ በስሚንቶ ደፈነለት። ዝናቡ ሲቆም እከፍተዋለሁ ብሎ ነበር። ዝናቡ ሲቆም ሽንኩርት መጣ።

በማግስቱ ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ጠቁሮ ነጋ። ቱንቢ መዶሻና መሮ ይዞ ወረደ። የመጀመሪያው ድፍን ሲለቅ ውሃው ፊቱ ላይ ተረጨ፤ ወደ ኋላ ወደቀ። ንጹሕ ውሃ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለው ነበር። የሚወጣው ግን ወፍራም፣ ቡናማ ነው፤ በውስጡ ጠጠር አለ፣ የበሰበሰ ሥር አለ፣ የጓሮው አፈር ራሱ አለ። እጁን ቀዳዳው ላይ ቢያደርግ ገፋው። ከግንቡ ውስጥ አንዲት ድንጋይ እንደ ጥርስ ስትፋጭ ሰማ።

መዶሻውን እዚያው ጣለና የፀጉር ቤቱን በር ከፈተ። ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ደንበኛ ጺም ላይ ሳሙና ቀብቶ ምላጩን እያስተካከለ ነበር።

«ልጆችህን ይዘህ ውጣ።»

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ? ጭቃ በጭቃ ሆነሃል።»

«ሚስትህን፣ እናትህን፣ ሁሉንም ይዘህ ውጣ። አሁን። ግንቡ ይወድቃል።»

ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ የቱንቢን ፊት አየና ሳቁ ጠፋ። «ትናንት ልክ ነው አላልክም?»

«ዋሸሁህ።»

ደንበኛው ሳሙናውን ሳይጠርግ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ወጥቶ ሮጠ። ፀጉር አስተካካዩ ግን አልተንቀሳቀሰም። ምላጩን እንደያዘ «ትናንት ማታ ልጆቼ እዚያ ሥር ተኝተዋል» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። ስድቡን ኋላ ስደበኝ።»

የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ ልጆቹና እናታቸው አስፋልቱ ላይ ወጥተው ነበር። አሮጊቷ ግን አልነሳ አሉ። «እዚህ ቤት የገባሁት በእግሬ ነው፤ የምወጣው በአልጋ ነው» ብለው ዱላቸውን መሬት ተከሉ። ቱንቢና ፀጉር አስተካካዩ ከነወንበራቸው አነሷቸው። የቱንቢ ጉልበት በየደረጃው ይከዳዋል፤ ሁለት ጊዜ ተንበረከከ። አሮጊቷ መንገዱን ሙሉ ሁለቱንም ሲራገሙ ወጡ። ዝናቡ በአናታቸው ላይ ተለቀቀ። የቱንቢ ሚስት መቀሷንና የስፌት መኪናዋን አናት በጨርቅ ጠቅልላ አቅፋ ወጥታ ነበር። እኔም በጩኸቱ ወጥቼ ከአስፋልቱ ዳር ከእነሱ ጋር ቆምኩ።

ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ የሰማነው ድንጋይ አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ የጭነት መኪና የመሰለ፣ ከእግራችን ሥር የሚወጣ ድምፅ ነው። ከዚያ ጓሮው ተነሳ። ሌላ ቃል የለኝም። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ ከነድጋፉ፣ በሶብላው፣ ሁሉም እንደ ቆመ፣ ሰው እንደሚጎትተው ምንጣፍ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሄደ። ቅጠሉ እንኳ አልረገፈም። ግንቡ ከመሐሉ ፈነዳ። ፀጉር ቤቱን አላየነውም፤ ነበር፣ ከዚያ አልነበረም። መስተዋቱ ሲሰበር ብቻ ሰማን። ከዚያ የቱንቢ ኩሽና ከቤቱ ተገንጥሎ ጎንበስ አለ፤ ምድጃውና ድስቱ ለሰው ሁሉ ታየ፤ ቀጥሎም ሄደ።

የሞተ ሰው የለም። ሰዎች ይህን እየደጋገሙ ይሉ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን ሲመሽ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ወደ ቱንቢ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ይመታዋል ብለን ነበር።

«ዛሬ ስላወጣኸን እግዜር ይስጥህ» አለው። «ለትናንቱ ግን ይቅር አልልህም። እንዳትጠብቀኝ።» ልጆቹን ይዞ ወደ ሚስቱ ቤተሰቦች ሄደ። እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም።

ቱንቢና ሚስቱ ልጃቸው ጋ ገቡ። የልጅቷ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሚስትየው የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር አድርጋ መስፋት ቀጠለች። እሱ ግን በኋላ በየጠዋቱ ከቤት እየወጣ መጥፋት ጀመረ። ወዴት እንደሚሄድ ያወቅነው እኛ ጎረቤቶቹ ነን፤ ወደ ተዳፋቱ ነው የሚመጣው። ከፈረሰው ቤቱ በላይ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ ያሉትን ቤቶች በር ያንኳኳል። ግድግዳችሁን ልይ፣ ጓሮአችሁን ልይ ይላል። አንዳንዱ ያስገባዋል። አብዛኛው በር ላይ ይመልሰዋል። «የራሱ ሲፈርስበት የሰው ሊያፈርስ መጣ» ይላሉ። ሟርተኛ ያሉትም አሉ።

ባለፈው እኔ ቤት ነበር ያደረው፤ ጓሮዬን አይቶልኝ፣ እስካሁን ደህና ነው ብሎኛል። «እስካሁን» የምትለዋን ቃል ግን ሁለት ጊዜ ነው የደገማት። ጠዋት አብረን ወጣን። ከአስፋልቱ በላይ ዳቦ የምትጋግር ሴት አለች፤ ቤቷን ዱቄት ተሸክማ የሠራች ናት። በጓሮዋ ጎመንና ቃሪያ ተክላለች፣ አረንጓዴው ዓይን ይስባል። ቱንቢ በአጥሯ ላይ አንገቱን አስግጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ የመግቢያዋን ደረጃ አየ። ደረጃው ከቤቱ ተላቆ፣ መሐሉ ጨለማ ሆኖ ይታያል።

በሩን አንኳኳና ሁሉንም ነገራት። ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ለልጅ እንደሚነገር። ሴትዮዋ እጇ ላይ ያለውን ዱቄት በሽርጧ እየጠረገች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ወደ ደረጃው ስንጥቅ ጎንበስ ብላ አየችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ አንተ ግንበኛ አይደለህ?» አለችው። «ትንሽ ስሚንቶ አለኝ። ይቺን ብትደፍንልኝ፣ ልጆቹ እግራቸው እየገባ ተቸገርኩ።»